የጋንቾ አንዲት ወረቀት

ዶንካ በጋብሮቮ ከተማ ካልሲ ፋብሪካ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ከአሥር ደርዘን ካልሲ መሀል አንዷን ያመለጠች ክር በጣቷ ዳብሳ ለቅማ ታወጣለች። የሥራ ባልደረቦቿ የሚወዷት ግን ከእጇ ይልቅ ለአፏ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ወሬ ከጀመረች ሾርባው እስኪቀዘቅዝ የሚያነሳው የለም።

ከሁሉም የሚያስቃቸው የአባቷ የጋንቾ ወሬ ነበር። መቼም የጋብሮቮ ሰው ቋጣሪ ነው ይባላል። ድመቷ ስትገባ በሩ ቶሎ እንዲዘጋና ሙቀቱ እንዳይባክን ጭራዋን እንቆርጣለን እያለ አገሩ ሁሉ ይስቅብናል፤ እኛም አብረን እንስቃለን። ጋንቾ ግን ከድመቷም ይብሳል ትል ነበር ዶንካ። ሌላው ሰው ሲሞትበት ፎቶ ያለበት የመርዶ ወረቀት ሃያና ሠላሳ አሳትሞ በበሩ፣ በመብራት እንጨቱ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው ይለጥፋል። በአርባው ይደግማል፤ በስድስት ወሩም፣ በየሙት ዓመቱም እንዲሁ። ጋንቾ ለሚስቱ የሚያሳትመው በዓመት አንዲት ወረቀት ብቻ ነው። እሷንም ደጅ አይለጥፋትም፤ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ነው ቦታዋ። «የምናዝነው እኔና አንቺ፣ የምንኖረውም እዚሁ ውስጥ። ለመንገደኛ ብዬ ምን ወረቀት ያስፈጀኛል?» ይላል። ዶንካ ይህንን በአባቷ ድምፅ ስትለው ሴቶቹ እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ።

ወረቀቷ ላይ ያለችው የዶንካ እናት ነቬና ናት። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፀጉሯ በነጭ ሻሽ ታስሯል። ዶንካ አራት ዓመቷ ሳለ ነቬና የባሕር ዳር ከተማ ወደሆነችው ቫርና ሄዳ ባሕር በላት፤ አስከሬኗም አልተገኘ። ጋንቾ ሕፃኗን ታቅፎ ከሴቭሊየቮ ወደ ጋብሮቮ መጣ። ሌላ ሴት አላገባም። ማሽን ፋብሪካ ለመግባት ሲነሳ በማለዳ ፀጉሯን ይጎነጉንላታል፣ ቀሚሷን ይተኩሳል፣ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ በእናቶቹ መሀል ብቻውን ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ዶንካ በዚህ ዓለም ማንን ታምኛለሽ ብትባል አባቴን ነበር የምትለው። ሁለተኛ ቢጠይቋት ባሏን ኮልዮን።

በየበጋው ቤተሰቡ ለአንድ ሳምንት ወደ ባሕር ይወርዳል። ቡርጋስን አይተዋል፣ ሶዞፖልን አይተዋል፣ ባልቺክ ሁለት ጊዜ ሄደዋል። ቫርና ግን አይነሳም። ያለምንም ስምምነት ስሙ ከገበታ የወጣ ከተማ ነው። ዘንድሮ አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጃቸው ሲልቪ አነሳችው፤ ከክፍሌ ልጆች ቫርናን ያላየሁ እኔ ብቻ ነኝ ብላ አኮረፈች። ዶንካ ልትቆጣት አፏን ስትከፍት ጋንቾ ከማንኪያው ቀና ብሎ፣ ቫርና ይሁን አለ። እኔም አርጅቻለሁ፣ ባሕሯን አይቼ ልሰናበታት። ዶንካ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። አባቴ በስተርጅናው ሐዘኑን ሊያወጣ ነው ብላ ነበር።

ረቡዕ ደረሱ። ሻንጣውን እንኳ ሳትፈታ ዶንካ ስድስት ቀይ አበባ ገዛች። የአበባው ቁጥር ለሕያው ጎዶሎ፣ ለሙት ሙሉ ነው ደንቡ፤ ሻጯም ሙሉ ቁጥር መሆኑን አይታ ዝም ብላ በነጭ ወረቀት ጠቀለለችላት። በባሕሩ መናፈሻ በኩል ወርደው ማዕበሉን ለመስበር የተሠራው የድንጋይ ግንብ ጫፍ ላይ ቆሙ። ዶንካ አበባዎቹን አንድ በአንድ ወደ ውሃው ወረወረች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈራው ወደኖረችው ባሕር። ጋንቾ ከጎኗ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። ኮልዮ ራቅ ብሎ ሲጋራውን ለኮሰ።

ከዚያ በኋላ ጉብኝት ሆነ። ሲልቪ የሚታየውን ሁሉ ስልኳ ላይ በቅደም ተከተል ጽፋዋለች፤ እናትና አባቷን እንደ በግ ትነዳቸዋለች። ሐሙስ ዶልፊኖቹን አዩ፣ የባሕር ኃይሉን ሙዚየም አዩ። ጋንቾ እግሬ አልተመቸኝም፣ እናንተ ዙሩ፣ እኔ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ ብሎ ቀርቶ ነበር። ሲመለሱ ዓይኑ ቀልቶ አገኙት፤ ጨዋማው ንፋስ ነው አለ።

ዓርብ ጠዋት ከካቴድራሉ ወጥተው በድሮው ሰፈር አቋርጠው ወደ ሮማውያኑ መታጠቢያ ፍርስራሽ እየሄዱ ነበር። ሲልቪ ከፊት፣ ኮልዮ ሁለት የውሃ ጠርሙስ ይዞ ከመሀል፣ ዶንካ አዲሱ ጫማ ተረከዟን እየላጣት ከኋላ። ሲልቪ አንድ አሮጌ ሕንፃ ደጃፍ ላይ ቆመች። በሩ እንደማንኛውም በር ሦስት አራት የመርዶ ወረቀት ተለጥፎበታል።

«እማዬ፣ ነይ እዪ» አለች እየሳቀች። «አንቺ ስታረጂ ይቺን ነው የምትሆኚው።»

ኮልዮ ቀድሞ ደረሰ። ፎቶዋን አየና፣ ስም መመሳሰል ነው፣ ፀሐዩ ሳይበረታ እንሂድ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። ዶንካ ገና ሦስት እርምጃ ይቀራት ነበር፤ ሆኖም ነገሩ እዚያው ጆሮዋ ውስጥ ጥልቅ አለ። ስም ያነሳ ሰው አልነበረም። ኮልዮ ደግሞ ያለ መነጽር የራሱን ስም አያነብም፤ መነጽሩ ያለው እሷ ቦርሳ ውስጥ ነው። ፊቷን አይቶ ነው ያወቃት።

ዶንካ ወረቀቱ ፊት ቆመች። አሮጊቷ የዶንካ ግንባር አላት፤ አንድ ወገን ብቻ የሚፈግገው አፏም የዶንካ ነው። «ውድ እናታችን ነቬና ከተለየችን ስድስት ወር» ይላል። የመታሰቢያው ጸሎት ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በመቃብሩ ይደረጋል ይላል። ከሥሩ የሐዘንተኞቹ ስም አለ፦ ልጇ ዶንካ ከጋብሮቮ፣ ልጇ ፕላመን። ዶንካ ክው አለች። ስሟን ሁለቴ አነበበችው። ባልሰማችው ሞት ሐዘንተኛ ተብላ፣ ከቀብሩ ወረቀት ጀምሮ ስድስት ወር ሙሉ ስሟን በዚህ በር ላይ ፀሐይና ዝናብ ሲመታው ከርሟል።

በሩ ጥግ በርጩማ ላይ የተቀመጠች አሮጊት ትናንሽ ዓሣ ታጸዳ ነበር። የዶንካን ፊት ባየች ጊዜ ቢላዋዋን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። ስላቭካ እባላለሁ፣ ከነቬና ጋር በአንድ ግድግዳ አርባ ዓመት ኖሬያለሁ አለች። አንቺ ዶንካ ነሽ፣ አትደብቂኝ አለች። ከዚያም ልመና ሳያስፈልጋት ሁሉንም ተናገረች፤ የተናገረችው ግን በቁጣ ነው፤ ዶንካ ሁሉን የምታውቅ ጨካኝ ልጅ መስላታለች።

ነቬናን ባሕር አልበላትም። የመርከብ ምግብ አብሳይ ወድዳ ጋንቾን ጥላ ሄደች፤ ልጅቷን ፍርድ ቤት ለአባቷ ሰጠ። በዓመቱ ልጄን አሳዩኝ ብላ ሴቭሊየቮ ብትሄድ ቤቱ ተዘግቷል፣ የት እንደገቡ የሚነግራት አጣች። ስትጠይቅ ስትጠያይቅ ኖራ በመጨረሻ ዶንካ ልታገባ መሆኑን ሰማች። ሌሊቱን በባቡር ተጉዛ፣ በእጇ የጠለፈችውን የሙሽራ ሻሽ ይዛ ጋብሮቮ ደረሰች።

«በሩ ላይ የተቀበላት ሙሽራው ራሱ ነው» አለች ስላቭካ። «አበባው ደረቱ ላይ እንደተሰካ። ‹ዶንካ እናት የለኝም ብላለች፤ ሠርጓን አታበላሺባት› አላት። ከዚያ ወዲያ ነቬና ባቡር አልተሳፈረችም። የካቲት ላይ ስትሞት ፕላመን ለአባትሽ ደወለ፤ እነግራታለሁ አለው። አልመጣሽም። አባትሽ እንኳ ትናንት መጥቶ እዚህ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አለቀሰላት፤ የተፋታ ሽማግሌ! ያንቺ አንጀት ከምን የተሠራ ነው፣ ልጄ?»

ዶንካ ወደ ባሏ ዞረች። ኮልዮ ሁለቱን ጠርሙሶች ደረቱ ላይ አቅፎ መሬት መሬት ያያል።

«አባዬ፣ አንተ ነህ?» አለች ሲልቪ።

ኮልዮ ወዲያው መናገር ጀመረ፤ ቢያስተባብል እንኳ ትንሽ ክብር ይተርፈው ነበር። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ምድር ቤት ወይን ስንቀዳ ጋንቾ፣ እናቷ ሕያው ናት፣ ዛሬ እንደምትመጣ ሰምቻለሁ ብሎ ነገረኝ አለ። ከገባች ልጄ እሷን ተከትላ ትወጣለች፣ አንተም ሙሽራ የለህም፣ እኔም ልጅ የለኝም ብሎ አለቀሰብኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ አመንኩት። ነገ እነግራታለሁ አልኩ፣ ከጫጉላው በኋላ አልኩ፣ ሲልቪ ስትወለድ አልኩ። እየቆየ ሲሄድ ከነገሩ ይልቅ ማቆየቴ ከበደኝ። ዶንካ ሰምታ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«የሙት ዓመቷ በመጣ ቁጥር ከበሩ ጀርባ ሻማ ሳበራ አብረኸኝ ትቆም ነበር። ምን እያሰብክ ነበር?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የጠራው እውነት ግን ለማን እንደሚጠቅም ተረቱ አይነግረንም። ዶንካ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆማ የአባቷን አንዲት ወረቀት አሰበች። ውጭ ያልተለጠፈችው ለቁጠባ አልነበረም። ሴቭሊየቮ ቅርብ ነው፤ አንድ የሴቭሊየቮ ሰው በደጃቸው ቢያልፍና ነቬና ሞተች የሚል ቢያነብ ስቆ ነበር የሚሄደው። እሷ ደግሞ ይህንኑ ወረቀት ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በምሳ ሰዓት ለሰው ማሳቂያ አድርጋዋለች። ከዚህ በላይ ሰው በገዛ አፉ ሊዋረድ የሚችል አይመስላትም። ስላቭካ የዶንካን ፊት ስታይ ነገሩ ገባት፤ ተነስታ እጇን በጉርዷ ጠርጋ ልታቅፋት ስትል ዶንካ ወደ ኋላ አለች። በዚያች ሰዓት ማንም እንዲነካት አልፈለገችም።

ተከራይተው ወዳሉበት ቤት ሲደርሱ ጋንቾ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አንጥፎ ነጭ ሸሚዝ እየተኮሰ አገኙት። ጥቁሩ ጫማው ተወልውሎ በሩ ሥር ተቀምጧል። ለባሕር ጉዞ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ጫማ ይዞ መምጣቱን ማንም ልብ አላለውም ነበር። ነገ ጠዋት እነሱን ሦስቱን ጥንታዊውን ወርቅ እንዲያዩ ወደ ሙዚየም ሊሸኛቸው፣ እሱ እግሬን ብሎ ሊቀር ነበር ሐሳቡ።

«ለነገ ነው ሸሚዙ፣ አባባ?»

«ማን ነገረሽ?» አለ ጋንቾ። አፉ ላይ ቀድሞ የመጣለት ይኼ ነው።

ዶንካ ቁጭ አላለችም። ጋንቾ ካውያውን ነቅሎ አቆመው፤ ከዚያ በኩራት ሊያስረዳት ሞከረ። ጥላሽ ሄደች፣ ለአራት ዓመት ልጅ እናትሽ አልፈለገችሽም ከማለት ሞተች ማለት ይሻላል፤ ማንም አባት የሚያደርገውን ነው ያደረግኩት አለ።

«እሺ፣ አራት ዓመቴ ላይ ይሁንልህ» አለች ዶንካ። «ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይስ? የካቲት ላይ ስልኩ ሲደወልስ? ቀብሯ ላይ እንኳ እንዳልቆም?»

«ፈራሁ። ያለሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ለእኔም የነበርከኝ አንተ ብቻ ነበርክ» አለች። «ረቡዕ አበባዬን ባሕር ላይ ስጥል ከጎኔ ቆመህ ኮፍያህን አወለቅህ። ያንን ኮፍያ እንዴት አወለቅከው?»

ጋንቾ ሸሚዙን አጣጥፎ እንደገና ዘረጋው። ዶንካን ያናደዳት የሠርጉ ነገር ብቻ አልነበረም፤ ይህ ሽማግሌ ስድስት ወር ሙሉ ሲያዝን ከርሟል። በሰው ደረጃ ላይ ተቀምጦ አልቅሷል፣ ሸሚዝ ተኩሷል። የእናቷን ሞት እንኳ ለራሱ ብቻ ወስዶታል።

ቅዳሜ ጠዋት ማናችሁም እንዳትከተሉኝ ብላ ወጣች። ሲልቪ ግን ጫማዋን ሳታስር ሮጣ ደረሰችባት፤ እጇን ያዘች፣ ዶንካም አልከለከለቻትም። መቃብሩ ጋ ሲደርሱ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ተሰብስበዋል። ቄሱ ጸሎታቸውን ጨርሰው ጥናቸውን ያስቀምጡ ነበር። መስቀሉ ላይ ያው ከበሩ ላይ ያየችው ፎቶ አለ። ከአጠገቡ የቆመው ሰው አርባ ዓመት የሆነው፣ ወደብ ላይ ዕቃ ማንሻ የሚነዳ፣ እጀ ትልቅ ሰው ነው፤ ስላቭካ ጆሮው ላይ ዶንካ ናት ብላ የቀረውን ሳትጨርስለት ወደ ዶንካ መጣ። ፕላመን ነኝ አለ። ብዙ አላያትም። በስኳርና በለውዝ የተለወሰውን የመታሰቢያ ንፍሮ ከነሳህኑ አነሳና ሰጣት፤ ለሕዝቡ የሚያዞረው የበኩር ልጅ ነው።

«እናቴ ይቅር ብላሻለች» አለ። «እንድነግርሽ አደራ ብላኛለች። እኔ ገና ነኝ፤ እሷ ግን ይቅር ብላሻለች።»

ዶንካ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። ያልሠራችው ኃጢአት ተሠረየላት። በዕድሜዋ ሁሉ እናቷ ከላከችላት ነገር እጇ የደረሰው ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ለሌላ ሰው ጥፋት የተሰጠ ይቅርታ።

በዚህ መሀል ጋንቾና ኮልዮ በመቃብሩ መሀል ባለው መንገድ መጡ። ጋንቾ ነጩን ሸሚዝ ለብሷል። ሰዎቹ ሽማግሌውን ሐሙስ ደረጃው ላይ ሲያለቅስ አይተውታልና መንገድ ለቀቁለት፤ አንዷ ሴት እጁን ይዛ ነፍስ ይማር አለችው። ዶንካ ጠበቀችው። አሁንም፣ ከዚህ ሁሉ በኋላም፣ አንድ ነገር እንዲያደርግላት ፈልጋለች።

«አባባ፣ ለፕላመን ንገረው» አለች። «እናት የለኝም ብያለሁ? መምጣቷን አውቄ ነበር?»

ሰው ሁሉ ወደ ጋንቾ ዞረ። ጋንቾ ፎቶውን አየ፣ ፕላመንን አየ፣ እጁን የያዘችለትን ሴት አየ።

«ያኔ ልጅ ነበረች» አለ። «ሙሽራ ናት፣ ደንግጣለች። አትፍረዱባት።»

ኮልዮ ከኋላው ጉሮሮውን ጠራረገ፤ የሚናገር መሰለ። ከዚያ ራሱን አቀረቀረ። ሲልቪ «አባዬ» አለች፤ ያም ቢሆን ቀና አላለም።

ዶንካ ራሷ ተናገረች። ድምፅዋን አላነሳችም፤ ፋብሪካ ውስጥ ወሬ ስትጀምር በምታወራበት ድምፅ ነው። ትናንት በሩ ላይ እስካነበብኩ ድረስ እናቴ ባሕር ውስጥ ነበረች አለች። አርባ አንድ ዓመት በየዓመቱ ከወጥ ቤት በር ጀርባ ሻማ አበራላት ነበር። ሠርጌ ላይ መምጣቷን አልሰማሁም፣ ሻሿን አላየሁም፣ ስልኩም አልደረሰኝም። በበሩ ላይ የመለሳት ያ ቆሞ ያለው ባሌ ነው፤ ያስመለሳት ይህ አባቴ ነው። ስላቭካ ከኋላ ሆና፣ እውነቷን ነው፣ ትናንት ወረቀቱ ፊት ስትቆም ያየሁት የማያውቅ ሰው ፊት ነው አለች።

የጋንቾን እጅ ይዛ የነበረችው ሴት እጁን ለቀቀችው። ፕላመን ዶንካን ያኔ ነው ደህና አድርጎ ያያት፤ ግንባሯን፣ አፏን። ዓይኑ ሲሞላ ወደ መስቀሉ ዞረ።

«ታዲያ ይህን አሁን ለእሷ ማን ይንገራት?» አለ። «ሃያ ሦስት ዓመት፣ እስከ መጨረሻዋ ቀን፣ ልጄ አልፈለገችኝም እያለች ነው የሞተችው።»

ዶንካ ይህን አላሰበችውም ነበር። ስሟን ከጭቃው አውጥታ አጥባለች፤ ንጹሕነቷን እንድታይላት የምትፈልጋት ሴት ግን ከእግሯ ሥር አፈር ለብሳለች። ያኔ እንባዋ መጣ። እያለቀሰች ንፍሮውን ማዞር ጀመረች፤ ደንብ ነውና ለቆመ ሁሉ መድረስ አለበት። ለቄሱ ሰጠች፣ ለስላቭካ፣ ለፕላመን፣ ስሟን ለማታውቃቸው ጎረቤቶች፣ ለሲልቪ። እያንዳንዱ በመዳፉ ተቀብሎ ነፍስ ይማር ይላል። ጋንቾ ጋ ስትደርስ ሽማግሌው ሁለት እጁን አንድ ላይ አድርጎ ዘረጋ፤ ከኋላው ኮልዮም ዘረጋ። በመታሰቢያ ንፍሮ ሰው አይዘለልም፤ ጠላት ቢሆን፣ መንገደኛ ቢሆን ይሰጠዋል። ዶንካ በፊታቸው አልፋ ሄደችና የተረፈውን ከእናቷ ራስጌ አስቀመጠችው።